«ጃጅታለች» ከማለታችን በፊት



በእኛ በመካነ ሰላም አካባቢ ዕድሜው የገፋ ሰው ነገር ሲምታታበት «ጃጅቷል» ተብሎ ይታለፋል። አያቴ የቅሬ መዋጮ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ከፈለች። ቅቤ ሸጣ ስትመለስም የያዘችው ገንዘብ ከነገረችን ዋጋ ጋር አልገጥም አለ። እኛም «ደብቃ ነው» ብለን አማናት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አልዛይመር የተባለውን የአንጎል ሕመም ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ገልጾታል። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ራይዝበርግና ጓደኞቹ የሕመሙን አካሄድ በ7 ደረጃ ከፍለው አሳዩ። 4ኛው ደረጃ የማሰብ ችሎታ በመካከለኛ መጠን የሚቀንስበት ሲሆን፣ ቤተሰብን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ በሽተኛው ደኅና ይመስላልና። ዘመድ አዝማዱን ይለያል፤ የለመደውን የቤተ ክርስቲያን መንገድ አይስትም። አያቴም የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ስታወራ ያየ ሁሉ «ምን ጎደላት?» ይላል። ትናንት ማን ሊጠይቃት እንደመጣ ግን አታስታውስም።

ጉድለቱ የሚታየው ሒሳብና ቅደም ተከተል ባለው ሥራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ የጠመቀች ሴት ብቅሉንና ጌሾውን መቼ እንደምትጨምር ይጠፋታል፤ የማኅበር ተራዋ ሲደርስ ድግሱን ማሰናዳት ያቅታታል፤ ወዳልለመደችው አገር ብቻዋን መሄድ ይከብዳታል። ሐኪሞች ከ40 ላይ አራት አራት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ይጠይቃሉ። (ፊደል ላልቆጠረች እናት ይህ ፈተና አይሆንም፤ ገበያ ላይ መልስ እንዴት እንደምትቆጥር ማየት ይሻላል።)

ከሁሉ የከበደኝ ግን መካዷ ነበር። «ረሳሽ እኮ» ስንላት ትቆጣለች፤ ወይም ጨዋታ ትለውጣለች። ሰው በተሰበሰበበትም ዝም ማለት አበዛች። ለካስ ይህም ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ውሸት አይደለም። በክርክር የሚረታም የለም።

ሁሉም መርሳት አልዛይመር አይደለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቃዠት ከኢንፌክሽን ወይም ከመድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ከባድ ሐዘንም ይህንኑ ይመስላሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። አልዛይመርን ግን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም።

አሁን አያቴ ገበያ ስትወጣ ታናሽ እኅቴ አብራት ትሄዳለች። ዋጋውን የምትከራከረው አያቴ ናት፤ ብሩን የምትቆጥረው እኅቴ።