ኢንቨርተር ሲቀየር ኦክስጅንዎ እንዳይቋረጥ

በቤትዎ ሶላርና ባትሪ ካለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽንም የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ኢንቨርተሩ ከመቀየሩ በፊት ይህን ያንብቡ።

ለምን ያሳስባል?
ኢንቨርተር ከፓነሎቹና ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ዓይነት ይለውጣል። ኢንቨርተሩ ከተነቀለ፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ማሽንዎ ሊቆም ይችላል።

ከሥራው ቀን በፊት
• ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይቅጠሩ። መብራት ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ይጠይቁት።
• ለኦክስጅን አቅራቢዎ ይደውሉ። መጠባበቂያ ሲሊንደሩ ለእርስዎ መጠን ስንት ሰዓት እንደሚበቃ ይጠይቁ። ሥራው ሊዘገይ ስለሚችል ትርፍ ይያዙ።

በሥራው ቀን
• እርስዎም ሆኑ ዘመድዎ ሽቦ አይንኩ። ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋም፣ ፀሐይ ያረፈባቸው ፓነሎችና ባትሪው ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ አላቸው።
• መብራት ከመጥፋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይቀይሩ። ከእሳትና ከሲጋራ ያርቁት።
• ባለሙያው ሳይሄድ፣ ከውጭ የሚመጣውን መብራት አጥፍቶ ማሽንዎ በባትሪው እንደሚሠራ ያሳይዎ።

ወዲያውኑ ወደ 911 ይደውሉ
ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ባትሪው ከጨሰ። ባትሪው ከጨሰ መጀመሪያ ከቤት ይውጡ። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት «አምሃሪክ» ይበሉ፤ ስልኩን ሳይዘጉ አስተርጓሚውን ይጠብቁ።