የቀሩ ግን «ያልተማሩ»፦ አዛውንቶቻችንና ተላላፊ በሽታ

 

በዚህ ዕትም የምናየው ትምህርትና ሞት እንዴት እንደሚገናኙ ነው። በብዙ አገራት እንደታየው፣ እንደ ሳንባ ምችና ቲቢ ባሉ ተላላፊ በሽታዎች ትምህርት ያላገኙ አዛውንቶች ካገኙት እኩዮቻቸው ይበልጥ ይሞታሉ። ዕድሜ የሁሉንም አቅም ያደክማል፤ ልዩነቱ ከሌላ ይመጣል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ዛሬ 70 ዓመት የሞላቸው ሰዎች የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር 20ን አልፈው ነበር። ልጅ ሳሉ በገጠሩ ትምህርት ቤት እምብዛም አልነበረም።

ቲቢን እንውሰድ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል መመርመር አለበት። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ስለሚሰጥ ጉዳዩ የዋጋ ብቻ አይደለም። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ሳሉ ግን ቀድሞ ሊቆም ስለሚችል ብዙዎች «ድኛለሁ» ብለው ይተዉታል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለውጣል። ይህን አስቀድሞ ማንም ያልነገራቸው አባት ደም መስሏቸው ቢያቋርጡ ምን ይፈረድባቸዋል?

የሳንባ ምች ደግሞ በአዛውንት ላይ ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ምግብ መጥላትና ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ሲታይ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል፤ በዚያ መሃል ቀናት ያልፋሉ።

እርግጥ ፊደል መቁጠር ብቻውን አያድንም። ትምህርት ከገቢ፣ ከመኖሪያ ቤት ስፋት፣ ከኩሽና ጭስ፣ ሐኪም ፊት ደፍሮ ከመጠየቅ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ኪታብ ሲያቀሩ የኖሩ ሸኽ ቅጽ ሲሞላላቸው «ያልተማሩ» ይባላሉ። ላብራቶሪ ውስጥ መለኪያው የማይለካውን ነገር «የለም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል! ችግሩ የመድኃኒቱ እሽግ እሳቸው በሚያነቡት ፊደል አለመጻፉ ነው።

እኛስ? በተለያዩ አገራት የተጠኑ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የተማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ። ምክንያቱ ሁሉ ተለይቶ ባይታወቅም ማንበብ የሚችል ሰው አጠገባቸው መኖሩ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዕረፍት አገር ቤት ስንሄድ እሽጉን አንብበን በሰዓታቸው እንንገራቸው። በቀን አንዴ በባዶ ሆድ የሚወሰደው የቲቢ መድኃኒት ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ቢባሉ አይረሱትም። በየ8 ሰዓቱ የሚወሰደውን ግን ከሶላት ጋር ማያያዝ አይሆንም፤ ከዙህር እስከ ዐስር 3 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ለእሱ ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5 ሰዓት ብለን ስልካቸው ላይ ደወል እንሙላላቸው። ረመዳን ከደረሰ ደግሞ ሦስቱ መጠን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውስጥ በልኩ አይገባም፤ ጾሙ ሳይጀመር ሐኪሙን አብረን ሄደን እንጠይቅላቸው።