በሐይቅ ዳር ሲሰፍሩ ልጆችን ስለ መጠበቅ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሐይቅ ነው። አንዳንድ ቤተ ዘመድ አያት፥ ልጅ፥ የልጅ ልጅ ሆኖ በየዓመቱ ወደዚያ ይወርዳል፤ በአሸዋው ዳር ድንኳን ተክሎም ይሰነብታል። ተራርቆ የሚኖር ዘመድ ይተዋወቅበታልና ልማዱ መልካም ነው።

ነገር ግን ውሃው ከደቃቅ አፈር የተነሣ ድፍርስ ስለ ሆነ፥ የሰጠመ ልጅ ከላይ ሆኖ ለሚያይ አይታይም። የሚሰጥም ልጅም ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ሰው ሲበዛም አጎት በአክስት፥ አክስትም በአጎት ተማምነው ልጁ ጠባቂ ያጣል።

ስለዚህ የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ እያንዳንዱን ልጅ፥ ወደ ውሃ ሳይገባ፥ መዋኘት ለሚያውቅ ለአንድ ሰው በስሙ አደራ ይስጥ። ጠባቂውም ማዕድ ቢቀርብ፥ ጨዋታ ቢደምቅ፥ ተተኪ ሳያገኝ ዓይኑን አያንሣ። የሁሉ የተባለ አደራ የማንም አይደለምና።