የተቆረጠ ነርቭ ይበቅላል፤ ግን መንገድና ጊዜ ይፈልጋል

በጉና አካባቢ ገብስ ሲታጨድ ማጭድ እጅ መቁረጡ አዲስ ነገር አይደለም። አጎቴም በአንድ መኸር የእጃቸውን አንጓ ተቆረጡ። ቁስሉ የቡና ዱቄት ተነስንሶበት በጨርቅ ታሰረ፤ ውሎ አድሮም ገጠመ። ሁላችንም «ተመስገን፣ ዳኑ» አልን። ከወራት በኋላ ግን እሳት ሲሞቁ ትንሿ ጣታቸውን ፍም ነካት፤ እሳቸው የቆዳው ሽታ እስኪሸታቸው ድረስ አላወቁም። ታዲያ ቆዳው ከዳነ ያልዳነው ምንድን ነው?

ያልዳነው ነርቩ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ጅማት» ብለን እናልፋለን። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል፤ ነርቭ ስሜትን ወደ አንጎል፣ ትእዛዝን ወደ ጡንቻ ያደርሳል።

ነርቭ ሲቆረጥ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1850 ዎለር የተባለ እንግሊዛዊ የእንቁራሪት ነርቭ ቆርጦ ሲመረምር፣ ከቁርጡ ወዲያ ያለው ክር ተበጣጥሶ ሲጠፋ አየ። ከቁርጡ ወዲህ ያለው ግን ከሕዋሱ ስላልተለየ አይሞትም፤ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዕድገቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፦ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 180 ቀን ማለትም 6 ወር ያህል ይፈጃል። ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ ከስቶ መመለስ ይሳነዋል። ስለዚህ መዘግየት ራሱ ጉዳት ነው።

ቡቃያው መንገድ ካላገኘ በጠባሳ ውስጥ ተጠላልፎ ይቀራል። በመሆኑም ሐኪሞች ሁለቱን ጫፎች ይሰፋሉ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ከባት ነርቭ ወስደው ይተክላሉ፤ በዚያ ፈንታ የእግር የውጪ ጎን ይደነዝዛል። ለአንዱ መዳን ሌላው ይከፍላል ማለት ነው።

ይህን ለማስቀረት የተነሣው ሙያ የሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና ይባላል። ሥራው በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፦

1. መንገድ፦ ከከብት ጅማት ከሚገኝ ኮላጅን የሚሠራ ቀጭን ቱቦ። ነርቩ በውስጡ ያድጋል፤ ቱቦውም ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል።
2. መሪ፦ ነርቭን የሚሸፍኑና የሚመግቡ የሽዋን ሕዋሳት።
3. ቀስቃሽ፦ ዕድገትን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች።

ባዶው ቱቦ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ክፍተት ያገለግላል። ሕዋስና ፕሮቲን የተሞላው ግን ገና በምርምር ላይ ነው።

በአገራችን ነርቭን የሚጎዳው ማጭድ ብቻ አይደለም። ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው እነዚሁ የሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርትና በ1970 አጠገቡ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከዚህ በሽታ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። በሥጋ ደዌ ነርቩ የሚጎዳው በአንድ ቦታ ተቆርጦ ሳይሆን ከውስጥ ስለሆነ ቱቦ አይጠግነውም። ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። የደነዘዘውን ነርቭ ለመመለስ ግን ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ መጀመር አለበት።

እንግዲህ ነገ ገጠር የምንመደብ እጩ መምህራን ቱቦ አንሠራም፤ ጊዜን ግን ማዳን እንችላለን። እጁ ተቃጥሎ ያልተሰማው፣ ወይም ቆዳው ላይ ነጣ ያለና የደነዘዘ ምልክት ያለበት ተማሪ ካየን፣ በክፍል ፊት ሳናሳፍረው ወላጆቹን አማክረን ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው። የተቆረጠ ሰው ስናገኝም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን፣ «ጣትህ ይሰማሃል?» ብለን እንጠይቅ። አጎቴን ያኔ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላወቅሁም ነበር።

የመለማመጃ ጥያቄዎች፦
1. በጅማትና በነርቭ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ክርን ላይ የተቆረጠ ነርቭ 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጣት ጫፍ ለመድረስ ስንት ወር ይፈጅበታል? ጡንቻውስ ይጠብቀዋል?