የመስክ ደብተር መኝታ ክፍል ውስጥ አይሞላም

ባለፈው የመስክ ጉዞ በአራት ቡድን ተከፍለን አንዱኑ ወንዝ በአንድ ጠዋት ለካን። ማታ ውጤቱን ስናመሳክር የሦስቱ ቡድን ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ የእኛው ብቻ እጅግ በልጦ ተገኘ። ደብተራችንን ብንገልጠው ሦስቱም ሙከራ «15 ሰኮንድ፣ 15 ሰኮንድ፣ 15 ሰኮንድ» ይላል። እውነቱን ለመናገር አንዱን ብቻ ለክተን ሁለቱን የሞላናቸው መኝታ ክፍል ከገባን በኋላ ነው። ያቺ አንዷም ስሕተት ነበረች። ኀፍረቱ እንዳለ ሆኖ፣ ነገ ተመድበን የምንሄድበት ትምህርት ቤት ኮምፓስም ሜትርም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በእጅ ባለ ነገር እንዴት እንደሚለካ ከዚያ ጉዞ ያገኘነውን እናካፍላለን።

ከወንዙ እንጀምር። ቀጥ ያለና ድንጋይ ያልበዛበት ቦታ ተመርጦ 10 ሜትር በገመድ ይለካና በሁለቱም ጫፍ ችካል ይተከላል። የሚንሳፈፈው ነገር ብርቱካን ቢሆን ይመረጣል፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ነፋስ አይገፋውም። እኛ የጣልነው ደረቅ ቅጠል ነበርና ውሃውን ሳይሆን ነፋሱን ለካን ማለት ነው! ብርቱካኑ ከመጀመሪያው ችካል ትንሽ ከፍ ብሎ ይጣላል፤ ሰዓት የሚያዘው ችካሉ ጋ ሲደርስ ነው። አንዴ በመሐል፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይደገማል። ጥልቀቱም በአምስት ቦታ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል።

ለምሳሌ 10 ሜትሩን በአማካይ በ25 ሰኮንድ ቢጨርስ ፍጥነቱ በሰኮንድ 0.4 ሜትር ነው። ወርዱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 0.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ 0.24 ሜትር ኩብ ይመጣል። ዳሩ ግን የላዩ ውሃ ከታችኛው ይፈጥናልና በ0.8 እናባዛዋለን፤ 0.192 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰኮንድ 192 ሊትር ገደማ። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ማንም አይግባ። ከላይ በኩል ሰማዩ ከጠቆረም፣ እኛ ያለንበት ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ቶሎ መውጣት ነው፤ ደራሽ ውሃ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

አቅጣጫን በጥላ ስለማወቅ ደግሞ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ «በቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል» ይላሉ። ለአውሮፓ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሰኔ መጽሐፉን አምኖ የሄደ ደቡብን ሰሜን ብሎ ይመለሳል። ለሁሉም ወር የሚያገለግለው ዘዴ የሚከተለው ነው፤ አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ተደርጎ ይተከልና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይደረጋል። ዱላውን ማእከል አድርገን በጠጠሩ ርቀት በገመድ ክብ እናሠራለን። ከቀትር በኋላ የጥላው ጫፍ ክቡን መልሶ ሲነካ ሁለተኛ ጠጠር እናስቀምጣለን። የመጀመሪያውን በግራችን፣ ሁለተኛውን በቀኛችን አድርገን ስንቆም ፊታችን ሰሜን ነው።

«ስልኬ ኮምፓስ አለው» የሚለን አይጠፋም። ይጠቀምበት፤ ብረት አጠገብ እንደሚስትና ባትሪውም እንደሚያልቅ ግን አይርሳ።

ገበሬን ስንጠይቅ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ከየት እንደመጡ ሳይናገሩ «ስንት ከብት አለዎት?» ብሎ መጀመር ግብር ሊጥል የመጣ ሰው ያስመስላል። እኛ «እንደምን አደሩ አባባ» ብለን ስለ አፈሩ በመጠየቅ ጀመርን። ሽማግሌው ዋልካው በበጋ የት የት እንደሚሰነጠቅ፣ ውሃ የት እንደሚተኛበት እየዞሩ አሳዩን፤ ካርታችን ላይ ይህ ሁሉ የለም። የማሣቸውን ስፋት በጥማድ ነገሩን። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነውና ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ያሉትን እንዳሉት ጽፈን ማሣውን በእርምጃ ለካነው።

ደብተሩ በእርሳስ ይጻፍ፤ ዝናብ ቢነካው አይፈስም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቦታው ስምና ገመዱን የያዘው ሰው ይመዝገቡ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ በላጲስ አይጥፋ፤ ኋላ ትክክለኛው እሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እርምጃውን ገና ያላወቀ ካለ፣ በስፖርት ሜዳው ዳር 100 ሜትር ለክተን ሁለት ችካል ተክለናል። ሳይንጠራራ፣ እንደ ወትሮው እየሄደ ሦስት ጊዜ ይቁጠር። ከእኛ አንዱ 132፣ 128፣ 130 አግኝቷል፤ አማካዩ 130 ስለሆነ አንድ እርምጃው 77 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዳገት ላይ እርምጃ ስለሚያጥር ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው አቀበት ሌላ 50 ሜትር አዘጋጅተናል። ቁጥሩን ግን እዚያው ቆማችሁ ጻፉት።