ትንፋሽ የሚጠብቅ ሰው ይኑር

ልጄ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ ሆነሽ መመደብሽን፣ የጥራት ቡድኑም አባል መሆንሽን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ኦፕሬሽን ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ጥቂት ልምከርሽ።

1. ዓይንሽን ከኦፕሬሽን ክፍሉ ውጪ ጣይ። ውስጥማ ሥርዓት አለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማመሳከሪያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት የደም ኦክስጅን መለኪያው፣ ኦክሲሜትሩ፣ መሥራቱ ይጠየቃል። ውስጥ የምንሰጠው ያው ኬታሚን ግን ድንገተኛ ክፍል የወለቀ ትከሻ ለመመለስ፣ ያው ዲያዜፓምና ፔቲዲን ኢንዶስኮፒ ክፍል ሲሰጥ ያንን የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም። አቃቂ ደግሞ የፋብሪካና የከባድ መኪና አገር ነው። የተሰበረ እጅ የሚስተካከለው፣ የልጅ ቁስል የሚሰፋው በሌሊት፣ በዚያው በድንገተኛ ክፍል ነው። መድኃኒቱ በየትኛውም ክፍል ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ስለዚህ ደንቡም በየክፍሉ አንድ መሆን አለበት።

2. አጥንት የሚያስተካክለው ሐኪም ትንፋሽ አይጠብቅም፤ አይችልምም። በደብረ ዘይት መንገድ ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ወርዶ እንደሚያሳየው፣ ሰመመንም የራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። ያ ሰው ሌላ ሥራ አይታዘዝም፤ «አንዴ ጓንት አቀብዪኝ» አይባልም። ሁለተኛ ሰው ከሌለ፣ ነገሩ ሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ይቆይ።

3. ቀላል ሰመመን ብለሽ የጀመርሽው ሳታስቢው ጥልቅ ይሆናል። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ካሰበው አንድ ደረጃ ጠልቆ የሄደን ሕመምተኛ መመለስ የሚችል መሆን አለበት። ኦክስጅን፣ ሳክሽን፣ ለዕድሜው የሚሆን በእጅ ማስተንፈሻ አምቡ ባግ ከመርፌው በፊት አልጋው አጠገብ ይቅረቡ። ለፔቲዲን ናሎክሶን አለልሽ፤ ኬታሚንና ፕሮፖፎል ግን ማርከሻ የላቸውም፣ ማርከሻቸው የአንቺ እጅ ነው። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2009 የሞተው መኝታ ቤቱ ውስጥ በሐኪም በተሰጠው ፕሮፖፎል ነው፤ ተገቢው መከታተያ መሣሪያ አልነበረም። ያ ሁሉ ሀብት አንድ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አልተካም።

4. ኦክሲሜትሩን እመኚው፣ ግን ብቻውን አትመኚው። የጥፍር ቀለምና እንሶስላ ንባቡን ሊያዛቡት ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮች ይልቅ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚስት አሳይቷል፤ ይህ የእኛ ጉዳይ ነው። ደግሞም ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው ትንፋሹ ቆሞም ቁጥሩ ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። ስለዚህ ደረቱን እዪ፣ እጅሽን አፍንጫው ሥር አድርጊ። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የሕመምተኛሽ የኦክስጅን ስንቅ ከቆላው ሰው ያነሰ ነው።

5. «ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ፣ በስንት ሰዓት?» ብለሽ ጠይቂ። ውኃ 2 ሰዓት፣ የጡት ወተት 4፣ ቀለል ያለ ምግብ 6፣ ቅባት ያለው ወጥ 8 ሰዓት ይቆጠርለት። ሻይ በወተት መጠጥ አይደለም፤ ከምግብ ቁጠሪው።

6. ሕፃን ሳይነቃ አትሸኚ። እናቱ አዝላው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ አንገቱ ወደ ፊት ከታጠፈ አየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ እርሷ ደግሞ የተኛ ይመስላታል። ስሙ ሲጠራ ዓይኑን ይክፈት፣ በዕድሜው ልክ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይሂድ። ወረፋው ቢረዝምም ይረዝም።

7. ዋናው ይሄ ነው፤ ባለቤት ይኑረው። ከኦፕሬሽን ክፍል ውጪ ለሚሰጥ ሰመመን ማን ኃላፊ እንደሆነ ስትጠይቂ ሐኪሙ ነርሷን፣ ነርሷ ፋርማሲውን ከጠቆሙ ኃላፊ የለም ማለት ነው። የሰመመን ክፍሉ ኃላፊ በድንገተኛውም፣ በጥርስም፣ በኢንዶስኮፒም ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። ማን የትኛውን መድኃኒት መስጠት እንደሚችል በስም ይለይ፣ ሥልጠናውም በየዓመቱ ይታደስ። አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ኦክስጅኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደበት፣ አምቡ የተያዘበት፣ ናሎክሶን የተወጋበት፣ ሳይታሰብ አልጋ የያዘ ሁሉ ይጻፍ። ሞት ብቻ የሚመዘገብበት ቤት ከሞት በፊት ምንም አይማርም። የጻፈው ሰው ግን በጻፈው አይቀጣ። አንድ ጊዜ ከተቀጣ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ መዝገብ ደግሞ ከሌለ መዝገብ ይብሳል፤ አለቆችን ያስተኛል።

ይህም በአንድ ግቢ ከቀረ ግማሽ ሥራ ነው። ሐኪሙም የሰመመን ባለሙያውም ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ዘውዲቱ የለመደውን ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ያየውን የካቲት 12 ይወስዳል። ሁሉም በአንድ የከተማ ጤና ቢሮ ሥር እያሉ የመዝገቡ ቅጽ የሚለያይበት ምክንያት አይታየኝም። በዚህ ወር አቻዎችሽን ከዘውዲቱ፣ ከራስ ደስታ፣ ከምኒልክ፣ ከየካቲት 12 ጥሪያቸው። አንድ ገጽ ቅጽ ላይ ተስማሙና ፈርማችሁ ለቢሮው አስገቡት።