የሕፃን የሽንት ጨርቅ፤ አዘገጃጀቱና እጥበቱ

ለሚወለድ ሕፃን ምን እናዘጋጅ የሚለው ጥያቄ በእናቶች ስብሰባ ላይ ዘወትር ይነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለው ዳይፐር ለብዙ ቤተ ሰብ ውድ ነው፤ ከተጣለም በኋላ በየሜዳውና በየቦዩ ይከማቻል። የጥጥ ጨርቅ ግን እየታጠበ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ለሚቀጥለውም ልጅ ይተርፋል። ይሁን እንጂ ዋጋው በገንዘብ ባይከፈልም በውኃና በጉልበት ይከፈላል። እንግዲህ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

1. ጨርቁ

የግድ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ወይም ነጠላ ለስላሳና ሽንት የሚመጥ ነው። አዲስ አቡጀዲ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ አለዚያ ሽንቱን በደንብ አይመጥም። ናይሎን ለዚህ አይሆንም።

ጨርቁን 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ጠርዙን መቀምቀም ነው። አራስ ልጅ በቀን 10 ጊዜ ያህል ስለሚቀየርለት፣ በየቀኑ ለሚታጠብ 20 ያህል ይበቃል። በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ ጥቂት መጨመር ይበጃል።

ጨርቁ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ በወገብ ላይ ይታሰራል፤ ወይም በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። መርፌው ልጁን እንዳይወጋ እጃችሁን በጨርቁና በገላው መካከል አስገቡ። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ ከእትብቱ በታች እሰሩ። እግሮቹ እንደ ልብ ይታጠፉና ይከፈቱ ዘንድ አታጥብቁት። በላዩ ፌስታል መጠቅለል ገላውን ስለሚያፍን ቁስል ያመጣል።

2. እጥበቱ

“የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን በሕፃን ዓይነ ምድርም ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ፦

ሀ. ዓይነ ምድሩን በቅድሚያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አራግፉ።
ለ. ጨርቁን ክዳን ባለው ባልዲ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፉ። ባልዲው ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።
ሐ. በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አለቅልቁ። በጨርቁ የቀረ ሳሙና የልጁን ገላ ያሳክካል።
መ. በገመድ ላይ፣ በፀሐይ አድርቁ። በሣር ወይም በመሬት ላይ አታስጡ።
ሠ. እጣቢውን ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ርቃችሁ ድፉ።
ረ. ልጁን በቀየራችሁ ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ።

ጨርቁ እንደረጠበ ወዲያው ቀይሩ። ገላው ቢቀላ አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሳታስሩ አየር ያግኝ። በጥቂት ቀናት ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የጨርቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ እናት እርጥበቱን ወዲያው ታውቃለች። ጡት የሚጠባ ልጅ ከተወለደ ሳምንት ሲሆነው በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ይሸናል። ከዚያ ካነሰ በቂ ወተት ላያገኝ ስለሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ።

3. ውኃውና ሸክሙ

ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር በየቀኑ ጨርቅ ማጠብ ማለት ተጨማሪ ጄሪካን መሸከም ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአራሷ ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ የረጠበው ጨርቅ ሳይታጠብ ደርቆ ተመልሶ ይታሰራል፤ ልጁም ይቆስላል። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ጨርቅ ከማደላቸው በፊት “ውኃውን የሚቀዳው ማን ነው? ሳሙናውስ ከየት ይመጣል?” ብለው ይጠይቁ። ውኃና ሳሙና በሌለበት ቤት የተሰጠ ጨርቅ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል። አባት ውኃ ቢቀዳ፣ ጨርቅም ቢያጥብ ነውር የለበትም፤ ልጁ የሁለቱም ነውና። ጎረቤትም አራስ ለመጠየቅ ስትመጣ ከገንፎው ጋር አንድ ሳሙና ብትይዝ መልካም ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የሕፃን ዓይነ ምድር የት ይጣላል?
2. አንዲት አራስ በቀን ስንት ጄሪካን ውኃ ያስፈልጋታል? ማን ይቀዳላታል?
3. በዚህ ወር ልትወልድ ላለች እናት ቡድናችን ምን ሊያዘጋጅ ይችላል?